ቱርቦው ከመለወጡ በፊት፦ አየር የሚያመልጥበትን ቦታ ስለ መፈለግ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ አለኝ፤ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ እመላለስበታለሁ። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሐ ጽዮን ስወጣ ጉልበት ያጣል፣ ጥቁር ጭስም ይለቃል። ዳገቱ ሲበረታ የሞተር መብራት ይበራና ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብረግጥም አይጨምርም፤ አጥፍቼ ሳስነሣው ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ነዳጅ ሲሰጠው ግን ምንም አይታይበትም። በኮምፒውተር ሲታይ ፒ0299 የሚል ኮድ ወጣ፤ መካኒኩም ቱርቦው ሞቷልና ይቀየር አለኝ። ከመቀየሬ በፊት ምን ላስፈትሽ?
(ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ፒ0299 የሚለው ኮድ ቱርቦው፣ ማለትም አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ክፍል፣ ሞቷል አይልም። የሚለው ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ላይ ያለው ሴንሰር የለካው የአየር ግፊት የመኪናው የሞተር ኮምፒውተር ከጠየቀው ማነሱን ብቻ ነው። ግፊቱ ቱርቦው መግፋት ስላቃተው ሊያንስ ይችላል፤ ነገር ግን ቱርቦው በሚገባ የገፋው አየር ሞተሩ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ካመለጠም የሚወጣው ኮድ ያው ነው። በወጪ ረገድ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ፤ የመጀመሪያው አዲስ ቱርቦ ሲጠይቅ፣ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ማኒኮቶ (የጎማ ቱቦ) ወይም በአንድ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ያልቃል። ስለዚህ ቱርቦው ከመፈታቱ በፊት የአየር መንገዱ በሙሉ በግፊት ይፈተሽ፤ ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ «ቱርቦ ይቀየር» የሚል ብያኔ፣ በእኔ አስተያየት፣ ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም።

መኪናው ጋራዥ ውስጥ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ሊያስገርምዎ አይገባም። ቱርቦ ግፊት የሚሠራው ሞተሩ ጭነት ሲጎትት በሚያወጣው የጭስ ማውጫ ኃይል ነው፤ መኪናው ቆሞ ያለ ጭነት ነዳጅ ቢሰጠው ዙሩ ይጨምራል እንጂ ከቱርቦው በኋላ ባለው ቱቦ ውስጥ የሚጠራቀመው ግፊት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስለዚህ የተሰነጠቀ ማኒኮቶ ጋራዥ ውስጥ ስንጥቁ እንደተገጠመ ይቆያል፤ የዓባይን ዳገት ሲጀምሩ ግን ግፊቱ ከውስጥ ይለጥጠዋል፣ ሞተሩም በመጎተት ብዛት ከመቀመጫው ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ቱቦውን ይስበዋል፤ ስንጥቁም ያን ጊዜ አፉን ይከፍታል። አንዳንድ አሽከርካሪዎች በዚህ ሰዓት ፉጨት ወይም የትንፋሽ ዓይነት ድምፅ እንደሚሰሙ ይናገራሉ፤ የናፍጣ ሞተር ድምፅ ግን ብዙውን ጊዜ ይሸፍነዋል።

ጥቁሩ ጭስም የዚሁ ውጤት ሊሆን ይችላል። መኪናዎ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ የሚገባውን የአየር መጠን የሚለካ ሴንሰር ካለው፣ ኮምፒውተሩ የሚረጨውን ናፍጣ የሚወስነው እዚያ በተለካው አየር ነው። የተለካው አየር ከፊሉ ኢንተርኩለሩ (ቱርቦው ያመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) አካባቢ ሲያመልጥ ኮምፒውተሩ አያውቅም፤ ናፍጣውን ላልደረሰ አየር ይረጫል፣ የተረፈውም ናፍጣ ሳይቃጠል ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። የግፊቱ ጉድለት ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበቱን ይቀንሳል፤ አጥፍተው ሲያስነሡት የሚመለሰው ይኸው ጥንቃቄ ስለሚነሣ ነው እንጂ ችግሩ ስለተቃለለ አይደለም።

የሚመላለሱበት መንገድ ለዚህ ዓይነት ብልሽት እጅግ ክፉ መሆኑንም ልብ ይበሉ። ከወንዙ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ከፍታ ከ1,000 ሜትር በላይ ሲሆን፣ የውጭው አየር ግፊት ከታች 90 ኪሎፓስካል ገደማ የነበረው ከላይ 75 ገደማ ይሆናል። ለምሳሌ ሞተሩ ማኒፎልዱ ውስጥ 200 ኪሎፓስካል ቢፈልግ፣ በባሕር ጠረፍ ያለ ቱርቦ የውጭውን አየር ሁለት እጥፍ ቢያምቀው ይበቃዋል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማመቅ ይኖርበታል። በዚህ ላይ ከቱቦው አየር የሚያመልጥ ከሆነ ቱርቦው የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፤ ትንሽ ስንጥቅ ታይቶ ሲታለፍ ጤነኛ የነበረው ቱርቦ በመጨረሻ በእርግጥ የሚሞተውም በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ፍተሻው ስንገባ፣ መጀመሪያ ምንም ሳይፈታ ስካነሩን፣ ማለትም ኮዱን ያነበበውን መሣሪያ፣ መጠየቅ ይቻላል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ የማኒፎልዱ ሴንሰር የሚያሳየው የውጭውን አየር ግፊት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ቁጥር ወደ 76 ኪሎፓስካል ይጠጋል። 101 መሆን ነበረበት ብሎ ሴንሰሩን የሚቀይር መካኒክ ያነበበው መጽሐፍ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። ቀጥሎ አንድ ሰው እየነዳ ሌላው ስካነሩን እያነበበ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉ በሙሉ ይረገጥና የተጠየቀው ግፊት፣ የተገኘው ግፊትና የገባው የአየር መጠን አብረው ይመዝገቡ። የተገኘው ግፊት አንሶ፣ በሴንሰሩ ያለፈው አየር ግን ብዙ ከሆነ፣ አየሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ከቱርቦው በኋላ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ግፊቱም የአየሩም መጠን አብረው ካነሱ ደግሞ የታፈነ ፊልትሮ፣ የተጣበቀ ቱርቦ ወይም ክፍት የቀረ የጭስ መመለሻ ቫልቭ ይጠርጠር። ይህ ንጽጽር ከግማሽ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ሲሆን፣ ብዙ ጋራዦች ግን ኮዱን ካነበቡ በኋላ ስካነሩን ይነቅሉታል።

ትክክለኛው መልስ የሚገኘው ሞተሩ ጠፍቶ መንገዱ በኮምፕሬሰር አየር ሲሞላ ነው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደው ቱቦ በፊልትሮው በኩል፣ ከአየር መለኪያው ሴንሰር በኋላ ይነቀልና በአፉ ልክ በተሠራ ክዳን ይዘጋል፤ ክዳኑ ተበስቶ ጎሚስታ ቤት የሚገኝ የጎማ ቫልቭ ይገጠምበታል። የፊልትሮው ቤት ከሚሞላው ክፍል ውጭ መቅረት አለበት፤ እርሱ በተፈጥሮው አየር አይቋጥርም። ከታፔ ሽፋኑ (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወደዚሁ ቱቦ የሚመጣው የሞተር መተንፈሻ ጎማ ይነቀልና ቀዳዳው በቱቦው በኩል ይደፈን፤ ይህ ከተረሳ ግፊቱ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይገባና የክራንክ ዘይት መከላከያዎችን ሊያስወጣ ይችላል። ለተጨማሪ ጥንቃቄ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ይተው።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር በርሜሉ ውስጥ እስከ 8 ባር ሊይዝ ስለሚችል ግፊት መቀነሻና መለኪያ ሳይኖር ፈጽሞ አይሞከርም። በ0.2 ባር ተጀምሮ ድምፅ ካልተሰማ ቀስ እያለ እስከ 0.7 ባር ገደማ ይጨመር፤ መኪናው በሥራ ላይ ከሚያመነጨው ግፊት ግን አይለፍ። ክዳኑን በእጅ ይዤ ልሞክር የሚል ቢኖር ይህን ያስብ፦ የቱቦው አፍ 7 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው፣ በ0.5 ባር ብቻ ክዳኑን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ወደ 20 ኪሎ ይጠጋል። በፋሼታ በደንብ ይታሰር፣ ከፊት ለፊቱም ሰው አይቁም።

አየሩ ሲሞላ አብዛኛው ቀዳዳ ራሱ ይናገራል፤ የተደበቀውን ደግሞ ጎሚስታ ካላማዳሪ እንደሚፈትሽ በሳሙና አረፋ መፈለግ ይቻላል። የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ላይ ውኃ እንዳይገባ ይጠንቀቁ እንጂ አረፋው በየመገጣጠሚያው ይቀባ። ኮፈኑ ላይ የአየር መግቢያ አፍ ያለው ሃይሉክስ ከሆነ ኢንተርኩለሩ ከሞተሩ በላይ ስለሚቀመጥ ለማየት ምቹ ነው። ማኒኮቶዎች ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቁት ዓይን በማያየው በታችኛው ጎናቸውና ፋሼታው በሚነክሰው ጠርዝ ስለሆነ፣ ባትሪና ትንሽ መስታወት ይያዝ፤ ግፊቱ ሳይለቀቅም ቱቦዎቹ በእጅ ይጠምዘዙ፣ ይሳቡ፣ ምክንያቱም ሞተሩ ሲያዘነብል ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ሳይነካ አይገኝም። ኢንተርኩለሩ ጫፎቹ ፕላስቲክ ከሆኑ ፕላስቲኩ ከአልሙኒየሙ ጋር የታጠፈበት መስመር፣ ከዚያም የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያ ማሸጊያ) እና ወደ ግፊት ሴንሰሩ የምትሄደው ቀጭን ጎማ አይዘለሉ። ከውጭ ቅባት የያዘ አቧራ የተለጠፈበት መገጣጠሚያ ካዩ ፍለጋውን ከዚያ ይጀምሩ፤ የሚያመልጠው አየር ጥቂት የዘይት ጉም ይዞ ስለሚወጣ ቦታውን ያመለክታል።

ሁለት ድምፆች ግን ሊያሳስቱ ይችላሉ። ከጭስ ማውጫው አየር ሲወጣ ከተሰማ ከሲሊንደሮቹ የአንዱ የመግቢያና የመውጫ ቫልቮች በአንድ ጊዜ ተከፍተው ይሆናል፤ ክራንኩን በመፍቻ በእጅ ትንሽ ማዞር ድምፁን ያጠፋዋል፤ ቢዞርም ካልጠፋ የጭስ መመለሻው ቫልቭ አይዘጋም ማለት ነው። ከዘይት መሙያው የሚሰማ ደካማ ትንፋሽም በፒስተን ቀለበቶችና በቱርቦው መከላከያ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ አያሳስብም። እንዲሁም ግፊቱ ቀስ እያለ ቢወርድ ብልሽት አይደለም፤ የትኛውም ሞተር እንደ ጎማ አየር ቋጥሮ አያድርም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መንገዱ ንጹሕ ከሆነ የቱርቦው መቆጣጠሪያ ክንድና ገመዶቹ፣ ከቱርቦው በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን፣ በመጨረሻም የቱርቦው ዘንግ ልቅነት በቅደም ተከተል ይታዩ። መካኒኩ ትክክል ሆኖ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ነው። ባለ 2 ሊትር ቱርቦ የቤንዚን መኪናዬ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ስካነሩ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተሩ 18 በመቶ ነዳጅ እየጨመረ መሆኑን ያሳያል፤ ቱርቦው ሲገፋ ግን በተቃራኒው 10 በመቶ ይቀንሳል። አንድ ጓደኛዬ የአየር መለኪያው ሴንሰር ተበላሽቷል ይለኛል። ከፕላስቲክ ክዳን መፈተሻ ሠርቼ አየር ስሞላ ደግሞ ከዘይት መሙያው በኃይል ይወጣል። ሞተሩ አልቆ ይሆን?
(ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)

መልስ፦ ሴንሰሩን አይቀይሩት፤ ቁጥሮቹ እርስ በርስ የሚጣረሱ ቢመስሉም ስለ አንድ ቀዳዳ የሚናገሩ ናቸው። የቤንዚን ሞተር ቆሞ ሲሠራ ትሮትሉ (የአየር መግቢያው መክደኛ) ስለሚዘጋ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው እጅግ ያንሳል፤ በዴንቨር የውጭው 83 ኪሎፓስካል ገደማ ሲሆን የውስጡ ከዚያ ግማሽ በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከትሮትሉ በኋላ ያለ ቀዳዳ ያልተለካ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፣ ነዳጁም ስለሚሳሳ ኮምፒውተሩ ይጨምራል። ቱርቦው ሲገፋ ግፊቱ ይገለበጣል፤ በዚያው ቀዳዳ አሁን የተለካ አየር ወደ ውጭ ያመልጣል፣ ነዳጁ ይበዛል፣ ኮምፒውተሩም ይቀንሳል። የተበላሸ ሴንሰር ብዙ ጊዜ እንዲህ አቅጣጫ አይቀያይርም። ቀዳዳው በቱርቦውና በትሮትሉ መካከል ቢሆን ኖሮ መኪናው ሲቆም ሰላም ሆኖ በጉልበት ሲነዳ ብቻ ባስቸገረ ነበር፤ ስለዚህ የኢንተርኩለሩን ቱቦዎች ለጊዜው ይተዉአቸው።

ከዘይት መሙያው በኃይል የሚወጣው አየር ደግሞ ቦታውን የበለጠ ያጠብልናል። በቱርቦ የቤንዚን ሞተሮች የሞተሩን ሆድ የሚያስተነፍሰው መስመር ወደ ማኒፎልዱ ሲገባ ባለ አንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለው፤ ቆሞ ሲሠራ ክፍት ሆኖ ጋዙን ያሳልፋል፣ ቱርቦው ሲገፋ ይዘጋል። ይህ ቫልቭ ወይም አብሮት ያለው የጎማ ሽፋን ሲቀደድ ሁለቱንም የጠቀሷቸውን ምልክቶች ያመጣል። ለማረጋገጥ ያን ቱቦ ነቅለው ማኒፎልዱ ላይ ያለውን ቀዳዳ ይድፈኑና ፍተሻውን ይድገሙ፤ ከዘይት መሙያው የሚወጣው ወደ ደካማ ትንፋሽ ከወረደ ጥፋተኛው ቫልቩ ነው፣ ሞተርዎም አላለቀም። ካልቀነሰ ግን የሲሊንደሮቹ መታመቅ መለካት ይኖርበታል።

የሚሞሉትን ግፊት አልጠቀሱም። በእርስዎ አገር መለኪያ በ3 ፒኤስአይ ጀምረው ከ10 ባያልፉ ይሻላል፤ የዘይቱ ክዳንም ተዘግቶ አይሞላ፣ የሞተሩ ሆድ ከጥቂት ግፊት በላይ እንዲችል ሆኖ አልተሠራም። የጭስ ማሽን ያለው ጋራዥ ካገኙ ለእርስዎ ዓይነቱ ቀዳዳ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ማሽኑ የሚሠራው በአንድ ፒኤስአይ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ በከፍተኛ ግፊት ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ሊያልፈው ይችላል።

ጥያቄ፦ የሠፈራችን መካኒክ የአየር ማምለጫ የሚፈልገው ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ ማስነሻ ስፕሬይ በየቱቦው ላይ በመርጨት ነው፤ ዙሩ ከተለወጠ ቀዳዳው እዚያ ነው ይላል። ለእኔ የናፍጣ መኪናም ይሠራል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ አይሠራም፤ አደገኛም ነው። ዘዴው የሚረዳው ማኒፎልዱ አየር በሚስብበት የቤንዚን ሞተር ላይ ነው፤ እዚያም ቢሆን የጋለ የጭስ ማውጫ አጠገብ ተቀጣጣይ ነገር መርጨት መሆኑን አንርሳ። በናፍጣ ሞተር ላይ በሚኒሞ ጊዜ ከቱርቦው በኋላ ያለው ቱቦ ይህ ነው የሚባል መሳብ ስለሌለው ስንጥቅ ቢኖርም ዙሩ ላይለወጥ ይችላል። ከቱርቦው በፊት ባለው ቱቦ በኩል ከገባ ደግሞ የናፍጣ ሞተር ያገኘውን ተቀጣጣይ ነገር ሁሉ ያቃጥላል፤ የማስነሻ ስፕሬይ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ፒስተን ሊጎዳ ይችላል።

በእርስዎ መኪና ከቱርቦው በፊት ያለውን ክፍል ለመፈተሽ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይበቃል። ከፊልትሮው በኋላ ያለውን ቱቦ ውስጡን ሲጠርጉት ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ ፊልትሮው ወይም ቱቦው ያልተጣራ አየር እያስገባ ነው። ኮረኮንች መንገድ ለሚነዳ ሰው ይህ ከጉልበት መቀነስ የከፋ ነው፤ አቧራው የቱርቦውን የአየር ክንፎች ጠርዝ ይበላቸዋል፣ ከዚያም አልፎ ሲሊንደሮቹን ይፍቃል።

ጥያቄ፦ የኢንተርኩለሩን ማኒኮቶ ስፈታ ውስጡን ዘይት ቀብቶታል፤ ጎኑም ላይ ስንጥቅ አገኘሁ። አዲስ ስላላገኘሁ ስንጥቁን በሲሊኮን ለጥፌ ገጥሜዋለሁ፤ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ ደግሞ በልኩ የተቆረጠ የራዲያተር ማኒኮቶ ይሆንሃል ብሎኛል። ምን ይሻላል? ዘይቱስ የቱርቦ ሞት ምልክት ነው?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ ስስ የዘይት ቅብ ብቻውን የሞት ምልክት አይደለም፤ የሞተሩ መተንፈሻ ጉም ከቱርቦው በፊት ስለሚገባ በጤነኛ መኪናም ይታያል። ኢንተርኩለሩ ሥር የተጠራቀመ ዘይት ካገኙ፣ ወይም የዘይቱ መጠን በየሳምንቱ ከቀነሰ፣ ያን ጊዜ ቱርቦው ይታይ።

ልጥፉ ግን አይቆይም። ሲሊኮን ዘይት በነካው ጎማ ላይ አይይዝም፤ ግፊቱ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ከውስጥ የተቀባው ደግሞ ተቆርሶ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። የራዲያተር ማኒኮቶም ምትክ አይሆንም፤ የተሠራበት የጎማ ዓይነት ሙቅ ውኃን እንጂ ዘይትን ስለማይችል ሰንብቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ዳገት ላይ ከአፉ ወልቆ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና አጥብቆ የያዘ ሰው ብዙ ስለሆነ የዚህ ዓይነት ምክር እየበዛ መጥቷል፤ ነጋዴው እጁ ላይ ያለውን መሸጡ አይገርምም። ውስጡ በጨርቅ የተጠናከረ፣ ለቱርቦ አየር ተብሎ የተሠራና ዘይት የሚችል ማኒኮቶ በዲያሜትሩ ልክ ፈልገው ይግዙ፤ የሌላ መኪና ቢሆንም ልኩና ጥምዘቱ ከተስማማ ያገለግላል።

ሲገጥሙ የቱቦውንም የብረቱንም አፍ ከዘይት ፈጽሞ ያጽዱ፤ የተገጠመ ማኒኮቶ በግፊት ከሚወልቅባቸው ምክንያቶች ዋናው መገጣጠሚያው ላይ የቀረ ዘይት ነው። ፋሼታው የብረቱ ጫፍ ካበጠበት ጠርዝ በስተጀርባ ይቀመጥ፣ በጠርዙ ላይ አይረፍ፤ ጎማውን እስኪቆርጥ ድረስም አይጥበቅ። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ይፈተሽ፤ አዲስ ጎማ በሙቀት ስለሚረጋ የመጀመሪያው ጥብቀት ይላላል።